ከግራ ኪስ የወጣ ሺ እግር

የሰው ኪስ የሚበረብሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ሌባና ልብስ ሰፊ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢቸና ላይ፣ አንድ በረንዳ ጥግ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ፊት ተቀምጬ ፀጉሬ ሸብቷል። ሥራዬ አዲስ ልብስ መስፋት ይመስላችኋል? አይደለም። ሰልባጅ ማሳነስ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሱሪ ሁሉ ለአንድ ሰው የተሰፋ ይመስለኛል፤ ቁመቱ ባሕር ዛፍ፣ ወገቡ የጤፍ ክምር ለሚያክል ለአንድ ሰው። ያንን ሰውዬ እየቆራረጥሁ ለቢቸና ሕዝብ አከፋፍላለሁ። ከአንድ ሱሪ አባትና ልጅ ያለበስሁበት ጊዜ አለ፤ የተረፈው የወንበር ትራስ ሆኗል።

ልብስ ከመቀደዱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። መቀስ ሳንቲም ከነከሰ ጥርሱ ይረግፋል፤ ሕጉ ይኼ ነው። በዚሁ ሕግ አንድ ቀን ከሕፃን ጃኬት ውስጥ አረንጓዴ ፌንጣ አወጣሁ። ፕላስቲክ ነው፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። የሠራው ሰው ሌላ ሥራ አልነበረውም መሰለኝ፣ የኋላ እግሮቹን ሾህ ሳይቀር አንድ በአንድ ቀርጾለታል። መኪናው ላይ አስቀመጥሁት። ጉርድ ልታሳጥር የመጣች ሴት አየችውና ጫማዋን አውልቃ መታችው። አልሞተም። ደገመችው። አሁንም አልሞተም። ለሦስተኛ ጊዜ ጫማዋን ስታነሣ ነው በሳቅ ከወንበሬ የወደቅሁት። እሷ ጉርዷን ይዛ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደች፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰብሳቢ ሆንሁ።

ብቻዬን ግን አልሰበሰብሁም። ታላቅ እኅቴ ሞጣ ነው ያገባችው፤ ገበያው ውስጥ ሰልባጅ ትነግድ ነበር። የፌንጣውን ታሪክ ስነግራት ስልኩ ውስጥ እየሳቀች አስነጠሳት። ከዚያ ወዲህ የሰልባጅ እስር በፈታች ቁጥር የሕፃናቱን ልብስ ኪስ እያየች ያገኘችውን በካልሲ ቋጥራ በሚኒባስ ትልክልኝ ጀመር። ሹፌሮቹ ከመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "የእኅትህ ተባይ መጣልህ!" እያሉ ይወረውሩልኛል።

እንዲህ እያለ የብስኩት ቆርቆሮዬ ሞላ። ጊንጥ ብቻ ስምንት አለኝ፤ አንደኛው ሲጫኑት ይጮኻል፣ ጊንጥ መጮኹን ከየት እንዳመጡት የሠሩት ያውቃሉ። ሸረሪት፣ ጉንዳን፣ በረሮ፣ ዝንብ አለኝ። ክንፋቸው የሚከፈት፣ ሆዳቸው ባዶ የሆነ ሦስት ቀያይ ጥንዚዛዎች አሉኝ። ሸርጣን የሚባል የባሕር ፍጥረትም አለኝ፤ ቢቸና ላይ እሱን የሚያውቅ ስለሌለ "ጡረታ የወጣ ጊንጥ ነው" እያልሁ አስተዋውቀዋለሁ። በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ከዳዊት አላለፍሁም፤ እጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት እጽፍለታለሁ። ስሙን፣ ሀገሩን፣ የተያዘበትን ቦታና ቁጥሩን። የመጀመሪያው ቃል እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ ቀለም፣ ቁጥሩም በግእዝ። ነገሩ ክብር እንዲኖረው ነው።

እኅቴ ግን "የምን ክብር!" ትላለች። "እውነተኛው በነፃ ግድግዳህ ላይ እየሄደ አንተ ፕላስቲክ ታሳድዳለህ።"

"እውነተኛውማ ይሞታል፣ እታለም።"

"ታዲያ እሱ አይደል እውነተኛነቱ?"

ቆርቆሮው ያለ ሥራ አልተቀመጠም። የእድራችን ሰብሳቢ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ናቸው፤ ለመቀመጥ ሁለት ሰው፣ ለመነሣት ሦስት ሰው ይደግፋቸዋል። ጊንጡን ከስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ ያስገባሁ ዕለት ያለ ማንም ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። "ጉልበትዎ ድኗል፣ እንኳን ደስ ያለዎት!" አልኋቸው። የዓመት ቅጣት ጣሉብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ቢቸናም ሞጣም ማንነቴን አወቀ። እኔ "ሞተ" ብዬ ያረዳሁትን ሰው ሬሳውን ሳያይ ማንም ነጠላውን አያዘቀዝቅለትም። ያን ጊዜ ይኼ ያኮራኝ ነበር።

አምና እኅቴ ታመመች። መጀመሪያ ትንፋሽ አጠራት፤ ከገበያ ወደ ቤቷ የሚወስደው ዳገት ረዘመባት። ቀጥሎ እግሯ ያብጥ ጀመር። ባሏ ባሕር ዳር ወሰዳት። ሐኪሙ አንደኛው የልብሽ በር በደንብ አይገጥምም አላት።

"እንደ ማድቤቴ በር ነው ማለት ነው" አለችኝ በስልክ። "እሱም ሲዘጋ አይገጥምም።"

ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጧት፤ አንዱ ከሰውነቷ ውሃ የሚያወጣ፣ አንዱ ልቧን የሚያረጋጋ። ጨው ቀንሺ፣ ውሃም ቢሆን እየለካሽ ጠጪ አሏት። ዋናው መፍትሔ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ነበር፤ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። "ተራሽ እስኪደርስ ክኒኑን ሳታቋርጪ ከያዝሽ ትቆያለሽ" ብሏታል ሐኪሙ። ይህችን ቃል ባሏም ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ በዚህች ቃል ላይ የደረሰው ነው።

ልጠይቃት ሞጣ ስሄድ ከቆርቆሮዬ ምርጡን ይዤ ሄድሁ፤ ሺ እግሩን። እሱን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ከአንድ የሕፃን ካፖርት ግራ ኪስ። የካፖርቱ ባለቤት ጥርስ ያወጣ ነበር መሰለኝ፣ ግማሹን እግሩን በልቶታል። ቀጭን ሽቦ እየቆረጥሁ፣ በላዩ ጥቁር ክር እየጠመጠምሁ፣ የጎደሉትን እግሮች ሠራሁለት። እያንዳንዷን እግር በሦስት ቋጠሮ አሰርሁ። ወገቡ ስብር ስለነበረ መርፌ አስገብቼ አቃናሁት፤ መርፌዋም እዚያው ቀረች። የሱፍ ኮት ብሰፋ እንኳ እንደዚያ አልጠነቅቅም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ሆዱ ላይ አሰርሁ፤

ስም፦ ሺ እግር። ሀገር፦ አይታወቅም። የተያዘበት፦ የሕፃን ካፖርት፣ ግራ ኪስ። ቁጥር ፵፩።

እኅቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቀልድ ጀምሬ መጨረሻው ጠፋኝ። አማቷ እማሆይ ደግፈዋት ወደ ጓሮ ሲያወጧት ሺ እግሩን ከትራሷ ሥር ሰደድሁት። ራስጌዋን ስታስተካክል ታገኘዋለች፤ ትጮኻለች፤ ቀጥሎ ትስቃለች፤ ቀጥሎ ደውላ ትሰድበኛለች። ስሌቱ ይኼ ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ስሜያት ወጣሁ።

ስድቡን ስጠብቅ ኔትወርክ ጠፋ። በማግሥቱ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ከሞጣ የሚመጣ ሰውም፣ ካልሲም፣ ድምፅም አልነበረም።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት አንዱ ሹፌር በረንዳዬ ላይ ቆመ። ሱሪ እያጠበብሁ ነበር።

"የእኅትህ በሽታ እኮ ተገኘ" አለኝ።

"በፊትስ መቼ ጠፍቶ ነበር? ልቧ ነው።"

"የምን ልብ! መተት ነው። ከትራሷ ሥር አወጡት። አማቷ አንሶላ ሲያራግፉ ነው ያገኙት አሉ።"

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። "እናንተ ሞጣዎች!" አልሁ። "ደግሞ ምን ዓይነት መተት ነው?"

"እኔ አላየሁትም። እግሩ ለጉድ ነው አሉ። በጥቁር ክር ተተብትቧል፣ ወገቡ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ድግምት አለው።"

እግሬ መርገጫው ላይ ደረቀ። መኪናው ቆመ።

"አዋቂ አስመጥተው አስነበቡት" ቀጠለ ሹፌሩ። "'ሀገር አይታወቅም' የሚል አለበት፤ የተላከባት መንፈስ ሀገር የለሽ ነው ማለት ነው አለ። 'ግራ ኪስ' ያው ልቧ ነው። 'የሕፃን' የሚለው ማሕፀኗን የዘጋባት ነው፤ እስከ ዛሬ ልጅ ያልወለደችው ለዚህ ነው። አርባ አንድ ደግሞ የቀረላት ቀን ነው። ከነወረቀቱ በእሳት አቃጠሉት። እሷንም ጠበል ወሰዷት።"

ዕድሜ ልኬን ስዋሽ እንደዚህ ያለ ተርጓሚ አግኝቼ አላውቅም።

"ክኒኑስ?" አልሁት።

"ክኒን ከጠበል ጋር እንዴት ይሆናል? አስጣሏት።"

"ጠበሉን ትጠጣለች?"

"በጆግ ነዋ! ካልጠጡትማ ምን ይሠራል?"

ውሃ እየለካሽ ጠጪ የተባለች ሴት። ሱሪውን ከመርፌው ሥር ሳላወጣ፣ ባለቤቱ ነገ ለሠርግ ይፈልገዋል ሳልል፣ ቆርቆሮዬን አንሥቼ እዚያው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮውን ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነው። አርባውን ሲያዩ አርባ አንደኛውም መጫወቻ መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ የምናገረውን በልቤ አጠናሁ፤ በሕይወቴ እውነት ለመናገር ስዘጋጅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጠበሉ ቦታ ከሞጣ ወጣ ብሎ ቁልቁለት ውስጥ ነው። ሕመምተኞቹ የሚያድሩባቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ፤ በየደጃፉ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ጊዜው ረፋድ ላይ ነበር፤ ሰው ተጠምቆ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እኅቴን ጎጆ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። እግሯ እንደ ተነፋ ስልቻ ሆኗል፤ ጣቶቿ ከእብጠቱ ውስጥ ጫፋቸው ብቻ ይታያል። እማሆይ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያንን እግር በለብታ ውሃ ያጥቡታል። ይኼንንም ልናገር፤ እማሆይ ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ሲያስታምሙ ጎናቸውን አላሳረፉም።

ባሏ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። "እንኳን መጣህ" አለኝ። "ጉዳችንን ሰማህ?"

"ሰማሁ። ጋሼ፣ ያ ነገር መተት አይደለም። የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥሁት። ለቀልድ ነው።"

ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አንተ ለማጽናናት የማትለው የለም። ተው፤ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም።"

"ቀልድ አይደለም! ማለቴ ያኔ ቀልድ ነበር፤ አሁን እውነቴን ነው። ፕላስቲክ ነው፣ እንደ እነዚህ!" አልሁና ቆርቆሮውን ደጃፉ ላይ ዘረገፍሁት።

ፀሐይ በሚሞቁ ሕመምተኞች መካከል ጊንጥ ለምን ይዘረገፋል? ይኼን የሚጠይቅ አእምሮ ያን ቀን አልነበረኝም። አንዲት ሴት ጮኸች። ቀጥሎ የሚጮኸው ጊንጥ ራሱ፣ ሰው ረግጦት፣ ጮኸ። ከዚያ ቁልቁለቱ ሁሉ ጮኸ። ታስሮ የነበረ አንድ ሰው እየፎከረ ገመዱን ይጎትት ጀመር። በጉልበቷ የምትሄድ ሴት ስትሮጥ አየሁ ብል አታምኑኝም፤ አትመኑኝ፤ ግን ሮጣለች።

እማሆይ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ሸረሪቶቹን አዩ፤ በየሆዳቸው የታሰረውን ወረቀት አዩ፤ የወረቀቱን ቀይ ፊደል አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንተ ነህ" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማሆይ፤ ግን..."

"የአባትህ ልጅ ላይ?"

"ድግምት አይደለም! ሲያነቡት ስለተሳሳቱ ነው። 'ስም ሺ እግር፤ ሀገር አይታወቅም፤ የተያዘበት የሕፃን ካፖርት ግራ ኪስ፤ ቁጥር አርባ አንድ።' ይኸው ነው! ሌላ የለውም!"

"በስመ አብ!" አማተቡ። "በቃሉ ይደግመዋል!"

ዙሪያዬን ሰው ቆሟል። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ዱላ ይዘዋል። እውነቱን ባስረዳሁ ቁጥር ወንጀሌን እየተናዘዝሁ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ቢሆንም አልተውሁም፤ ቢመቱኝም ክኒኗን ትዋጥ ብዬ። "የእኔ ነው፣ እሷን ጠይቋት! ይኼን ሁሉ የሰበሰበችልኝ እሷ ናት፤ ሺ እግሩንም ያገኘችው እሷ ናት። እታለም፣ ንገሪያቸው!"

ሁሉም ወደ እኅቴ ዞረ። አንዲት ትንሽ ፌንጣ እግሯ ሥር ወድቃለች፤ የመጀመሪያዋ ፌንጣ ናት። እሷን አነሣችና እያየቻት ተናገረች።

"እነዚህ መጫወቻ ናቸው። ከሰልባጅ ኪስ እየለቀምሁ የላክሁለት እኔ ነኝ፤ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ያ ከትራሴ የወጣው ግን ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም። የእሱ አይደለም። ወንድሜ እኔን ለማዳን በራሱ ላይ እየዋሸ ነው፤ ውሸት ልማዱ እንደሆነ ታውቁ የለ?"

ዱላዎቹ ወረዱ። አንዱ ሳቀ። ባሏ ዓይኑን ጠረገ፤ "እንዲህ ያለ ወንድም!" አለ። እማሆይ እንኳ ራሴን ዳሰሱኝ። ሰው ሁሉ እኔን ማመን ባይችልም እሷን ማመን ቀለለው።

ያ ሁሉ ጩኸት የጠራቸው አጥማቂው አባ መጥተው ነገሩን ሰሙ። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። "መድኃኒቱንም የፈጠረው እሱ ነው። ጠበልሽን ጠጪ፣ በልክ ጠጪ፤ ክኒንሽንም ዋጪ። ማነው አቁሚ ያለሽ?" አሉ። እማሆይ አንገታቸውን ደፉ። እኅቴ "እሺ አባ" አለች። እኔም ቀለለኝ። አባ ወደ ጠበሉ ተመለሱ፤ እማሆይ ግን ክኒኑን ከቤት ያመጡ ይሆን ብዬ ስጠብቅ የተሞላ ጆግ ይዘው መጡ። "አባ ደግ ናቸው፤ ደግ ሰው ለሁሉም እሺ ይላል" አሉኝ። "ጠበሉ ግን ይቆጣል።"

ከሰዓት በኋላ ባሏም እማሆይም ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ብቻችንን ቀረን። እኔ አቧራ ውስጥ ተንበርክኬ ጊንጦቼን እለቅማለሁ።

"የሠራሃቸው እግሮች ያምሩ ነበር" አለችኝ።

ቀና አልሁ።

"እማሆይ ከትራሴ ሲያወጡት ገና አወቅሁት። ቁጥር አርባ አንድ ነው። እኔ ስልክልህ እግሮቹ ጎዶሎ ነበሩ።"

"ታዲያ ምነው ያኔውኑ አትናገሪም!"

"ልናገር አፌን ስከፍት አዋቂው ማንበብ ጀመረ።" ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። "ልጅ ያልወለድሁት ለዚህ ነው አለ። ባሌ አለቀሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። 'ያንቺ ጥፋት አልነበረም' አለኝ። ይኼን ሲለኝ ተነሥቼ የወንድሜ ፕላስቲክ ነው ልበለው?"

አንዱን ጊንጥ አንሥቼ አቧራውን ጠረግሁለት።

"ደግሞ መተት ይወጣል" አለች። "ሐኪሙ የነገረኝ ግን አይወጣም። ተራው እንደማይደርሰኝ አንተም ታውቃለህ። እዚህ ሁሉ ሰው ነገ ይወጣልሻል ይለኛል። ባሕር ዳር እንዲህ ያለኝ የለም።"

"ክኒኑን ካልወሰድሽ ትሞቻለሽ፣ እታለም።"

"አንተ ደግሞ አታጋን።"

በማግሥቱ ጠዋት ሞጣ ከተማ ወጥቼ ከመድኃኒት ቤት ሁለቱንም ዓይነት ክኒን ገዛሁ። ሦስቱን ቀያይ ጥንዚዛዎች አውጥቼ ሆዳቸውን ሞላሁ፤ ሁለቱን ውሃ በሚያወጣው፣ አንዱን ልብ በሚያረጋጋው። ክንፋቸውን ስዘጋው ማንም አያውቅባቸውም። ወደ ጠበሉ ተመልሼ እማሆይ እያዩኝ "መጫወቻሽን ረስቼ ይዤብሽ ሄድሁ" ብዬ እጇ ላይ አስቀመጥሁላት። አንደኛውን ነቅነቅ አደረገችው። ተንሿሿ። ተያየን።

"እርጉዝ ናት እንዴ?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"መንታ ነው። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ አዋልጃት።"

ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉም ቶሎ አልቆመም። ሲበርድላት "እሺ" አለችኝ። "በእናቴ፣ እሺ።" ቢቸናን በሙሉ ያታለልሁ እኔ፣ አመንኋት።

በነጋታው መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል ወደ ቢቸና ተመለስሁ። በእርግጥም ተዘጋ። ሱሪውን ከመርፌው ሥር አወጣሁት፤ ሠርጉ አልፎ ነበር። እየሰፋሁ በልቤ አስላለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ዋጠች፣ ዛሬ ማታ ዋጠች፣ እግሯ ይጎድላል፣ ትንፋሿ ይመለሳል። ሰው "ምነው ዝም አልህ?" ይለኛል። "እያዋለድሁ ነው" እላለሁ።

አርባ አንዱ ቀን እስኪሞላ አልጠበቀችም። አዋቂው በዚያ እንኳ ተሳሳተ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። አንድ ሰው በእግሩ እስከ ደብረ ወርቅ መጥቶ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ነግሮ፣ ያ ሰው ለእድራችን ሰብሳቢ ነገራቸው። ሰብሳቢው በሁለት ሰው ተደግፈው በረንዳዬ ድረስ መጡ። ቀና ብዬ ሳያቸው ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።

ሞጣ የደረስሁት ለአርባዋ ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ሰው እየበላ ነበር። የማውቀውም የማላውቀውም ሰው "ያ ደግ ወንድሟ" እያለ ይነሣልኛል፤ ቦታ ይለቅልኛል። እኅቱን ለማዳን በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ነኝ። ሞጣ ላይ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። አንዴ ተነሥቼ "ገደልኋት" ልል ፈለግሁ። ማን ያምነኛል? ለማጽናናት ነው ይሉኛል። እማሆይ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው የእኅቴን ነጠላ እያሸተቱ ያለቅሳሉ፤ እሳቸውን አይቼ አፌን ያዝሁ። ያንን ነገር ብናገር እኔ ይቀለኝ ይሆናል፤ እሳቸው ግን የዚያን ጆግ ውሃ ጸጸት ይዘው የቀራቸውን ዘመን ሊኖሩ ነው።

ሰው ሲቀንስ ባሏ ወደ ጓዳ ጠራኝ። ከጠበሉ የመጣ ትንሽ ከረጢቷን ሰጠኝ። "የአንተ መጫወቻዎች አሉበት" አለኝ። "እስከ መጨረሻዋ ቀን ከራስጌዋ አላራቀቻቸውም። እየነቀነቀች ታዳምጣቸው ነበር።"

ከረጢቱ ውስጥ አንድ ካልሲ አለ፤ ጫፉ እንደ ድሮው በሁለት ቋጠሮ ታስሯል። ፈታሁት። ፌንጣዋ ወጣች። ሦስቱ ጥንዚዛዎች ወጡ። የመጀመሪያውን ከፈትሁት፤ ክኒኖቹ እንደሞላኋቸው ናቸው። ሁለተኛውን ከፈትሁት። እንደዚያው ነው። አንዲት አልጎደለችም።

ሦስተኛውን ነቀነቅሁት። ድምፁ ሌላ ነው፤ ቀለል ያለ፣ የደረቀ ነገር ድምፅ። ያንኛውን ወስዳዋለች ብዬ ልቤ ዘለለ። ካልሲውን ስገለብጠው ግን የእሱም ክኒኖች በጨርቅ ተቋጥረው ከሥር ወደቁ።

ክንፉን ከፈትሁ። ውስጡ ጥንዚዛ አለ። ጥቁር፣ ጀርባው የሚያብረቀርቅ፣ ስድስቱን እግሮቹን ሆዱ ላይ ያጠፈ፤ ከጎጆው ግድግዳ ወይም ከጠበሉ ድንጋይ ላይ በነፃ ያገኘችው። አንዷ እግሩ ስትነካ ተሰብራ መዳፌ ላይ ቀረች። ጥቁር ክር አይጠግናትም።

የጓዳው ብርሃን ደካማ ነው። ባሏ ጎንበስ ብሎ መዳፌን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ይኼስ?" አለኝ። "ይኼም ፕላስቲክ ነው?"

"አይደለም" አልሁት። "ይኼ እውነተኛ ነው።"

አመነኝ።